መስኮት የሚከፍት ሰው

ጓርዳ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ቢጫው የፖስታ አውቶቡስ ከባቡር ጣቢያው ተነስቶ፣ ዳገቱን እየተጠማዘዘ ወጥቶ፣ መንደሩ መግቢያ ላይ አወረደንና ተመለሰ። ከእኔና ከልጄ ሌላ የወረደ ሰው የለም። የሞተሩ ድምፅ ራቅ እያለ ሄዶ ሲጠፋ የውሃ ድምፅ ብቻ ቀረ። ልጄ እጄን ያዝ አድርጋ "እማ፣ ሰዎቹ የት ሄዱ?" አለችኝ።

የጠየቀችኝ በጀርመንኛ ነው። የቋንቋውን ነገር ቆይቼ አነሳዋለሁ።

ወቅቱ የጥቅምት የትምህርት ቤት ዕረፍት ነበር። አራት ቀን ብቻ ነው ያለን። ስዊዘርላንድ ውስጥ ለሽርሽር የሚኬድበት ቦታ የታወቀ ነው፤ ኢንተርላከን፣ ሉሰርን፣ ማተርሆርን። ከአገር ቤት ዘመድ ሲመጣልኝ እኔም የምወስደው እዚያ ነው። ወደዚህ ሸለቆ የመሩኝ ግን አንዲት አዛውንት ናቸው።

የምሠራው ዙሪክ፣ አረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ውስጥ ነው። 13 ዓመት ሆነኝ። እኚህ ሴትዮ እኔ ባለሁበት ፎቅ ላይ ነበሩ። ትውልዳቸው የታችኛው ኤንጋዲን ነው፤ ከኦስትሪያና ከጣሊያን ጠረፍ አጠገብ ያለ ሸለቆ። እዚያ የሚነገረው ሮማንሽ የሚባል ቋንቋ ነው። ሴትዮዋ በወጣትነታቸው ሥራ ፍለጋ ዙሪክ ወረዱ፣ አገቡ፣ ልጆች አሳደጉ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጀርመንኛ ሲናገሩ ኖሩ። የመርሳት በሽታው ሲጠናባቸው ግን ጀርመንኛው ቀስ በቀስ ለቀቃቸው። በመጨረሻው ዓመት የቀራቸው የልጅነት ቋንቋቸው ብቻ ነበር። ከሠራተኞቹ መሐል ያንን የሚሰማ አንድም ሰው የለም። ውሃ ጠምቷቸው ይሁን ብርድ ይዟቸው፣ በምልክት ነበር የምንግባባው።

እኔ ከእሳቸው ሁለት ነገር ተማርኩ። "አሌግራ" ሰላምታ ነው። "ግራዝቻ ፊች" ደግሞ በጣም አመሰግናለሁ ማለት ነው። ጠዋት ገብቼ መጋረጃውን እየከፈትኩ "አሌግራ" ስላቸው ፊታቸው እንዴት እንደሚበራ እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። ከዚያ በኋላማ ማን ያስቆማቸዋል! እጄን ይዘው ያወሩኛል፣ ያወሩኛል። አንዱም አይገባኝም። ሌላ ክፍል እየተጠራሁም ቢሆን ቁጭ ብዬ እሰማቸዋለሁ።

ካረፉ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ አንድ ሐሳብ ይይዘኛል። እኔስ? እኔም እዚሁ አርጅቼ ጀርመንኛው ከራሴ ቢጠፋ፣ "ውሃ አቀብሉኝ" ስል ማን ይሰማኛል? ይሄ ሐሳብ እየተመላለሰ ሲያስቸግረኝ ነው፣ እስቲ ያ ቋንቋ አሁንም በየደጁ የሚነገርበትን አገር ልየው ያልኩት።

ጓርዳን የመረጥኩት በፎቶ አይቼ ነው። ትንሽ ናት። ነዋሪዎቿ 200 አይሞሉም።

መንገዱ ራሱ ብዙ ነገር ይናገራል። ላንድኳርት ላይ ወርደን ቀዩን የተራራ ባቡር ያዝን። ክሎስተርስን እንዳለፍን ባቡሩ ቬራይና የሚባለው ዋሻ ውስጥ ገባ። ዋሻው 19 ኪሎ ሜትር ነው። ልጄ በስልኳ ሰዓት ያዘች፣ ከዚያ ሰለቻት። የተከፈተው በ1999 ነው (ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከዚያ በፊት ከሸለቆው ወደ ሰሜን የሚያወጣው መንገድ የፍሉዌላ ተራራ ማለፊያ ነበር፤ ከፍታው 2,383 ሜትር ነው፤ በረዶ ሲጥል ይዘጋል። ባቡሩም በደቡብ በኩል ዙሪያ ጥምጥም ይሄድ ነበር። የእኔ ሴትዮ ከቤታቸው ሲወጡ ዋሻው የለም። ዛሬ ሁለት ሰዓት ተኩል በሚፈጀው መንገድ ያኔ እናታቸውን ለማየት በዓመት ስንት ጊዜ ይመጡ ነበር እያልኩ አሰብኩ። ዋሻው አልቆ ድንገት ብርሃን ሲሆን፣ ተራራው ቢጫ ሆኖ ጠበቀን። ላርች የሚባለው ዛፍ ሲያዩት ጥድ ይመስላል፤ ግን ቅጠሉን የሚያረግፍ ነው፤ ከማርገፉ በፊት ደግሞ ወርቅ ይሆናል። አደይ አበባ ዛፍ ላይ የወጣ ነው የመሰለኝ።

ጓርዳ ያለችው 1,653 ሜትር ላይ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ "ከፍታው እንዳይከብድሽ" ብለውኝ ነበር። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ እንደሆነች፣ እኔ ያደግኩባት ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ እንደሆነች ስነግራቸው ገረማቸው። እውነቱን ለመናገር ግን ከፍታ ብቻውን ምንም አይናገርም። በእኛ አገር 1,650 ሜትር ወይና ደጋ ነው፤ ቡና ይበቅልበታል። እዚህ በዚያው ከፍታ ላይ ገብሱም ከብርዱ ጋር እየታገለ ነው የሚደርሰው። ከመንደሩ በታች ቁልቁለቱ ሁሉ እርከን እርከን ነው። የደብረ ብርሃንና የአንኮበር መንገድን የሚያውቅ ሰው ያን እርከን ሲያይ ልቡ ይመታል። ድሮ በሙሉ እህል ይዘራበት ነበር። ባቡሩ በ1913 ሸለቆው ሲደርስ፣ ከሩቅ የሚመጣው እህል ረከሰና ማሳው እየተተወ የሣር ሜዳ ሆነ። እርከኑ ግን ቅርፁን አልለቀቀም። ሰው ድንጋይ ለቅሞ፣ አፈር ተሸክሞ የሠራው ነገር ነው፣ ከላይ ሣር ቢለብስም የእጁ ምልክት ይታያል።

አሁን ስለ ቤቶቹ ላውራ፤ የሄድኩት ለእነሱ ባይሆንም የያዙኝ እነሱ ናቸው።

ቤቶቹ ትልልቅ ናቸው። ግድግዳቸው ወፍራም፣ መስኮታቸው ትንሽ። መስኮቱ ግድግዳው ውስጥ ጠልቆ ነው ያለው፤ ከውጭ በኩል እንደ ቀንድ አፍ ሰፋ ብሎ ወደ ውስጥ እየጠበበ ይገባል፤ ብርሃን ሰብስቦ እንዲያስገባ፣ ሙቀት ግን እንዳያስወጣ። በየመስኮቱና በየበሩ ዙሪያ ጌጥ አለ፤ አበባ፣ ማዕበል፣ ፀሐይ፣ ዓሣ፣ ዘንዶ። መጀመሪያ ቀለም የተቀባ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብዬ በጣቴ ስነካው ተፍቆ የተሠራ ነው። ስግራፊቶ ይሉታል። ግድግዳው በኖራና በአሸዋ ይለሰናል፣ በላዩ ነጭ ኖራ ይቀባል፣ ነጩ ሳይደርቅ በስለት ይፋቃል። ያኔ ከሥር ያለው ጠቆር ያለው ልስን ይወጣና ሥዕሉ ይሆናል። የሚፍቀው ሰው ፈጣን መሆን አለበት፤ ኖራው ከደረቀ አለቀ። ልጄ ዞር ዞር ብላ አይታ "የአያቴ ቀሚስ ይመስላል" አለች። እውነቷን ነው። ልክ እንደ ጥልፍ የመስኮቱን ጠርዝ ይዞ ይዞራል።

ብዙዎቹ ግድግዳዎች ላይ የተሠሩበት ዓመት ተጽፏል። አብዛኞቹ የ1600ዎቹና የ1700ዎቹ ናቸው። ከዚያ በፊት የነበረው የለም ማለት ይቻላል፤ በ1622 በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ጊዜ ባልዲሮን የሚባለው አዛዥ የመራው የኦስትሪያ ጦር መንደሩን አቃጥሎታል። ሰዎቹ ተመልሰው መጡ፣ በአመድ ላይ እንደገና ሠሩ። ሦስት መቶ ዓመት ሲሆነው ደግሞ ሌላ አደጋ መጣ፤ ሰው ወደ ከተማ እየወረደ ቤቱ መፍረስ ጀመረ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በዙሪያቸው እየነደደ፣ ያኽን ኡልሪች ኮንዝ የሚባል አርክቴክት መንደሩን ቤት በቤት እያደሰ ነበር፤ ከ1939 እስከ 1945። በዚያ ዘመን ልስን የመፋቅ ሥራ ላይ መቆም እንዴት ያለ ልብ ይጠይቃል! በ1975 የአገሪቱ የቅርስ ጥበቃ ማኅበር ቫከር የተባለውን ሽልማት ለጓርዳ ሰጣት።

አከራያችን ሰባ የዘለሉ ሴት ናቸው። በትልቁ ቅስት በር አስገቡን። በሩ ጋሪ ያስገባል፤ ለዚያ ነው የተሠራው። ድርቆሽ የጫነው ጋሪ በዚያ በር ገብቶ፣ ሱሌር የሚሉትን ሰፊ አዳራሽ አቋርጦ፣ ከኋላ ያለው ጎተራ ይደርሳል። ከብቱ ከታች፣ ሰው ከላይ፣ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር። የባላገር ቤት ያየ ኢትዮጵያዊ ይሄን ለመረዳት አስረጂ አያስፈልገውም። ከሱሌሩ በጎን ሽቱቫ የሚባለው ክፍል አለ፤ ዙሪያውን፣ ጣሪያውን ጭምር በጥድ እንጨት የተለበጠ። እንጨቱ ስንትና ስንት ዓመት ሆኖት ዛሬም ይሸታል፤ ደስ የሚል፣ እንደ ዕጣን የሚያረጋጋ ሽታ። ቤቱ ውስጥ በደንብ የሚሞቀው እሱ ክፍል ብቻ ነበር። ከምድጃው በላይ ጣሪያው ላይ ትንሽ ቀዳዳ በር አለች፣ ሙቀቱ በእሷ በኩል ወደ ላይኛው መኝታ ቤት ይወጣል፤ ሰውም ሲተኛ በእሷ በኩል ይወጣ ነበር አሉን። ልጄ አራቱንም ቀን በዚያች ቀዳዳ ስትወጣና ስትወርድ ነው የዋለችው።

የመጀመሪያው ቀን ማታ በእግራችን ወጣን። መንገዱ በጥርብ ድንጋይ የተነጠፈ ነው። በየአደባባዩ ከእንጨት ግንድ ወይም ከድንጋይ የተጠረበ ገንዳ አለ፣ የምንጭ ውሃ ቀን ከሌሊት ይወርድበታል። መጀመሪያ የሰማነው ውሃ እሱ ነው። ድሮ በአንድ ምንጭ የሚቀዱ ቤቶች እንደ አንድ ጎረቤት ነበሩ፤ ገንዳውን በተራ ያጥባሉ፣ ከብት የሚያጠጡበትና ልብስ የሚያጥቡበት ለየብቻ ነው። እኔም በልጅነቴ ከምንጭ ውሃ ቀድቻለሁ። የሰፈሩን ወሬ ሁሉ የምንሰማው እዚያ ነበር። እዚህ ገንዳው ዳር ቆመን ስንጠጣ ግን ማንም አልመጣም።

ልጄ ብርሃን ያለባቸውን መስኮቶች እንቁጠር አለች። ዘጠኝ ቆጠርን። የቀሩት መዝጊያቸው ተዘግቷል። እንደዚያ ያማሩ ቤቶች፣ ደጃፋቸው ላይ አበባ የተተከለ፣ ግን ዝግ። ያ ዝምታ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዙሪክ ትራምና ከሥራ ደወል ወጥቼ ጆሮዬ አረፈ። ቆይቶ ግን የዝምታው ዓይነት ገባኝ። ሰው አርፎ የተኛበት ቤት ዝምታ አልነበረም።

ጠዋት አከራያችንን ጠየቅኳቸው። ቡና እየቀዱልኝ "ብዙዎቹ የበዓል ቤት ናቸው" አሉኝ። ባለቤቶቹ ዙሪክ፣ ባዝል፣ ሌላም አገር ናቸው። በገና፣ በበረዶ መንሸራተቻ ጊዜና በበጋ ይመጣሉ። ይሄ በአልፕስ መንደሮች ሁሉ ያለ ችግር ነው። በመጋቢት 2012 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶበት፣ በጠባብ ልዩነት፣ በአንድ ወረዳ ውስጥ ያለ የሁለተኛ ቤት ቁጥር ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ገደቡን ቀድሞ ያለፈ ወረዳ ግን ብዙ ነው፣ የተሠራውን ደግሞ ማንም አያፈርሰውም። የመንደሩ ወጣት ቤት ልግዛ ቢል ከከተማ ሀብታም ጋር ሊጫረት ነው። ይሄ ነገር ያናድደኛል። ቤት ያደገበትን ልጅ አስወጥቶ በዓመት ሦስት ሳምንት የሚያድርበትን ሰው የሚያስገባ ገበያ ትክክል ሊሆን አይችልም።

ሴትዮዋ ግን ነገሩን ከዚያ አርቀው ነበር የሚያዩት። "እኛ ከጥንትም የምንሄድ ሰዎች ነን" አሉኝ።

ከዚያ ስለ ራንዱሊኖች ነገሩኝ። ራንዱሊን በሮማንሽ ከወፏ፣ ከጨረባ፣ የመጣ ስም ነው። ከሸለቆው ተሰደው የሄዱ፣ በበጋ ብቻ ለጉብኝት የሚመለሱ ሰዎች ስም ነው። መሬቱ ሁሉንም አያበላም ነበር፣ ስለዚህ ልጆቹ ይወጣሉ። ብዙዎቹ ቬኒስ ሄደው ኬክና ጣፋጭ ጋጋሪ ሆኑ፤ ቆይተው የከተማዋን የጣፋጭ ንግድ አብዛኛውን ያዙት። ቬኒስ ይሄ ሸለቆ ካለበት ክልል፣ ከግራውቡንደን፣ ጋር የነበራት ውል ሲያበቃ፣ በ1766፣ ውጡ ተባሉ። ይሄን ስሰማ በ2013 ከሳዑዲ ዕቃቸውን በማዳበሪያ አስረው የተመለሱት ልጆቻችን ናቸው ፊቴ ላይ የመጡት። የቬኒሶቹ አልተመለሱም። ወደ ትሪየስቴ፣ ወደ በርሊን፣ ወደ ዋርሶ፣ እስከ ሴንት ፒተርስበርግ ተበተኑ፤ በየደረሱበት ካፌ ከፈቱ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኛ ከደማችን ነው ብለን የምንወደው ፑሽኪን በ1837 ወደዚያ ወደገደለው ፍልሚያ ከመሄዱ በፊት የተቀመጠባት የሴንት ፒተርስበርግ ካፌ፣ የዎልፍና የቤራንዤ ካፌ፣ ባለቤቶቿ ከዚሁ ከግራውቡንደን የወጡ ሰዎች ነበሩ። ይሄን ለአከራያችን ስነግራቸው ፑሽኪን ቅድመ አያቱ አፍሪካዊ መሆኑን አያውቁም ነበር። ሁለታችንም አንድ ነገር ተማማርን።

ራንዱሊኖቹ ገንዘብ ሲይዙ ምን አደረጉ? አገራቸው ላይ ቤት ሠሩ። ትልቅ፣ ያማረ፣ የጣሊያን ቅርፅ ያለው ቤት። የሚኖሩበት ሊቮርኖ ወይም በርሊን፣ ቤታቸው ግን እዚህ። የሴትዮዋ የአያት አባትም ጣሊያን አገር ኬክ ጋጋሪ ነበሩ፤ እኔ የተኛሁበትን ክፍል ያሳደሱት ከዚያ በላኩት ገንዘብ ነው።

እኔ እዚህ ላይ ቡናዬን አስቀመጥኩት።

ደብረ ብርሃን ቤት አለኝ። ሰባት ዓመት ከደመወዜ እየቆጠብኩ የሠራሁት። ሦስት መኝታ ክፍል፣ ሳሎን፣ ሰርቪስ ቤት፣ ግቢው ውስጥ ኮክና ጌሾ። የሠራሁት እማዬ እንድትኖርበት ነው። ሁለት ዓመት ኖረችበት። ከዚያ ለሕክምና ክትትል አዲስ አበባ እህቴ ጋ ገባች፣ በዚያው ቀረች። ቤቱን የሚጠብቁልኝ ጋሼ ናቸው፤ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ይኖራሉ። በየወሩ ደመወዛቸውን እልካለሁ። ባለፈው በሄድኩ ጊዜ ዕቃውን ሁሉ አንሶላ አልብሼ፣ ክፍሎቹን ቆልፌ ወጣሁ። ሦስት ዓመት ሆነው። ሰፈሩ ውስጥ እንደኔ ቤት ያለ ስንት አለ መሰላችሁ። የአሜሪካው፣ የዱባዩ፣ የእስራኤሉ። ማታ መብራት የሚታየው ከዘበኛው ክፍል ብቻ ነው። እዚያ ስሄድ ይሄን አስተውዬው አላውቅም ነበር። የእኛ ነገር ሆኖ ለመደኝ መሰለኝ። ሰው አገር መጥቼ ከልጄ ጋር መስኮት ስቆጥር ነው የታየኝ።

ወደ ቋንቋው ልመለስ።

ሮማንሽ የሚናገረው ሰው 60,000 ገደማ ነው። በቃ። አንድ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ እንኳ አይሞላም። እሱም ቢሆን አምስት ዓይነት አጻጻፍ አለው፤ የታችኛው ኤንጋዲን ቫላደር ይባላል። በ1938 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ አራተኛው የአገሪቱ ብሔራዊ ቋንቋ ሆነ። ከ90 በመቶ በላይ ነው "አዎ" ያለው። ሂትለር በሰሜን፣ ሙሶሊኒ በደቡብ ሆነው፣ ከጣሊያን በኩል "ይሄ ቋንቋ የእኛ ዘዬ ነው፣ ሕዝቡም የእኛ ነው" በሚባልበት ዘመን፣ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ ተናጋሪው "አይደለም፣ የራሱ ነው፣ የሁላችንም ነው" አለ። ይሄን ሳስብ ያስቀናኛል። ብዙ ቋንቋ ባለበት አገር ስለተወለድኩ ነው።

ጓርዳ ውስጥ ቋንቋው አለ። ከሰማሁት በኋላ ነው ያመንኩት። በምሽቱ አንዲት ሴት ላሟን እየነዳች ስታልፍ "አሌግራ" አለችን፤ እኔም "አሌግራ" አልኩ፣ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ልጆቹ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የሚማሩት በሮማንሽ ነው። ሬዲዮ አላቸው። አከራያችን ሱሌሩ ውስጥ የተሰቀሉ የከብት ደወሎች አሳዩን። በመጋቢት አንድ፣ ቻላንዳማርስ በሚሉት ቀን፣ የመንደሩ ልጆች ደወላቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው፣ እየዘመሩ፣ በየቤቱና በየምንጩ ይዞራሉ፤ የበረዶውን ወራት ለማባረር። ልጄ ትልቁን ደወል አንስታ መታችው፣ ቤቱ ሙሉ አስተጋባ። ለልጄ ስለ ቡሄ ነገርኳት፤ ጅራፉን፣ ሆያ ሆዬውን፣ ሙልሙሉን። "ለምን እኛ አናደርግም?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ለምን አናደርግም?

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች፤ ሳናግራት የምትመልስልኝ ግን በጀርመንኛ ነው። ድሮ አርማት ነበር። ከዚያ ደከመኝ። ከሥራ ስወጣ አሥራ አንድ ሰዓት፣ እራት፣ የቤት ሥራ፤ በጀርመንኛ ይፈጥናል። በዚሁ ሁኔታ ስንት ዓመት ሄደ። አከራያችንን ስለ ልጅ ልጆቻቸው ጠየቅኳቸው። ዙሪክ ነው ያሉት። "እኔ በስልክም ቢሆን በሮማንሽ ብቻ ነው የማናግራቸው" አሉኝ። "በጀርመንኛ ቢመልሱስ?" ስላቸው፣ "ይመልሱ፤ እኔ አልቀይርም" አሉ። ቁጣ የለበትም አነጋገራቸው። ስለ ዳቦ እንደሚያወራ ሰው ነው የተናገሩት።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት ከቁም ሳጥን የቁልፍ ዘለላ አወጡና "ልጅሽ ትርዳኝ?" አሉኝ። አብሬያቸው ሄድኩ። ጎረቤት ያለው ትልቅ ቤት ነው፤ ባለቤቱ ባዝል የሚኖር ሰው ነው። በየሳምንቱ አንድ ቀን ገብተው መስኮቶቹን ይከፍታሉ። አለበለዚያ እንጨቱ ይሻግታል፣ ግድግዳው እርጥበት ይይዛል፣ አይጥ ይገባል። ክፍያ አይቀበሉም። የሰውየው እናት ጓደኛቸው ነበሩ። ጨለማው ውስጥ ገባን። ሽታው የደብረ ብርሃኑን ቤት አስታወሰኝ፤ ያ የተዘጋ ቤት ሽታ በየትም አገር አንድ ነው ለካ። ሴትዮዋ የመጀመሪያውን መዝጊያ ገፉት። በዚያ ጥልቅ መስኮት የገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ልጄ ሁለተኛውን ከፈተች፣ ሦስተኛውን፣ ከዚያ ፎቅ ወጥታ ከላይ ድብ ድብ እያለች ስትሮጥ ይሰማናል። ስትወርድ ፀጉሯ ላይ የሸረሪት ድር አለ።

"ፋነስትራ" አሏት ሴትዮዋ መስኮቱን እያሳዩ። ደግማ አለችላቸው። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

"በአማርኛስ?"

"መስኮት።"

"መስኮት" አለች። "መስኮት ከፈትኩ።"

ስህተት የለበትም። አንድም። ወጥቼ ምንጩ ጋ ቆሜ ፊቴን ታጠብኩ።

የዚያኑ ዕለት ለጋሼ ደወልኩላቸው። እዚያ አመሻሽ ላይ ነው። "እንዴት ከረምሽ ልጄ፣ ቤቱ ሰላም ነው፣ ኮኩ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል" አሉኝ። ሁልጊዜ የሚሉኝን። እኔም "ጋሼ፣ እባክዎ መስኮቶቹን በሳምንት አንድ ቀን ይክፈቱልኝ፣ ነፋስ ይግባበት" አልኳቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ በትሕትና፣ "ልጄ፣ እንዴት ብዬ?" አሉ። "የውስጡ ቁልፍ እኮ ካንቺ ጋ ነው።"

ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላነሱብኝም። ያን ያህል ጊዜ ከውጭ ሆነው የተቆለፈ ቤት ሲጠብቁ ኖሩ፤ እሳቸው የሚተኙት አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሦስቱ መኝታ ቤት አንሶላ ለብሶ ተቀምጧል።

በመጨረሻው ቀን በእግር ነው ወደ ባቡር ጣቢያው የወረድነው፤ ቁልቁለት ስለሆነ አይከብድም። ኢን ወንዝ ከታች ይታያል። ልጄ ከፊቴ እየዘለለች ያየችውን ነገር ሁሉ ትጠይቀኛለች። "ይሄስ በአማርኛ?" ወንዝ። ድልድይ። ድርቆሽ። ለላርች ስም አጣሁለት፣ "ቢጫ ጥድ" አልኳት።

ዙሪክ እንደገባን ጃኬቴን ሳላወልቅ መሳቢያውን ከፈትኩ። ቁልፎቹ ከድሮ ፓስፖርቴ ሥር ነበሩ፣ በቀይ ክር ታስረው። ፖስታ ውስጥ ከትቼ የጋሼን ስልክ ጻፍኩበት። ለገና ወደ አገር ቤት የምትሄዱ ካላችሁ፣ ዕቃው ትንሽ ነው፣ ሻንጣ አይሞላም፤ አዲስ አበባ ድረስ ካደረሳችሁልኝ እህቴ መጥታ ትቀበላችኋለች።